ለጥቅል ጎመን ኩፖን የለም

ልጆቹ «ንገሪን» አሉኝ። ልጆቹ ስል የልጅ ልጆቼን ማለቴ ነው፤ ትልቋ እንኳ ዛሬ ራሷ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለፈው እሑድ እራት በልተን ስናበቃ ስልኳን እየነካካች፣ «አያቴ፣ ኩፖን ግን ይጠቅማል? ወይስ ዝም ብሎ ጊዜ ማጥፋት ነው? አንቺ ድሮ ሞክረሽዋል አሉ» አለችኝ። ለልጆቿ አትክልትና ጥራጥሬ ማብላት ነው የምትፈልገው፤ ስልኳ ላይ የሚመጣላት ቅናሽ ሁሉ ግን የብስኩትና የቺፕስ ነው። ሌሎቹም ከበውኝ «ንገሪን፣ ንገሪን» አሉ። በአፌ ስጀምር ከአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ስለምሻገርባቸው ደብተር ገዝተው ሰጡኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና፤ እዚህ ላይ ስሕተት ብታገኙ በእሱ አሳብቡ።

የኩፖኑን ነገር ስነግራችሁ ሌላም ነገር መናገሬ አይቀርም። ያን ጊዜ ቀንቼ ነበር። ያውም በሩቅ ሰው አይደለም፣ በአማቼ እናት። ለእናንተም አያታችሁ ስለሆነች ቅር እንዳይላችሁ፤ እሷም ብትኖር ኖሮ እየሳቀች ታዳምጠኝ ነበር።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። እኛ ቴክሳስ፣ አዲሰን የምትባል ከተማ፣ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። ልጄ መጦሪያ ቤት አረጋውያን ትረዳለች፣ ባሏ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። እነሱ በሥራ ሲወጡ ሲገቡ ቤቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ትልቋንም ከዳይፐር ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ሌሎቻችሁ ገና አልተወለዳችሁም። የአማቼ እናት ደግሞ ግሬፕቫይን የሚባል ሌላ ከተማ ከታናሽ ልጇ ጋር ትኖራለች። ግቢ ያለው ቤት ነው፤ አውሮፕላኑ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ሆዱ ይታያል። አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበረች እንግሊዝኛ ታነባለች፣ መኪናም ትነዳለች። እኔ ሁለቱንም አልችልም። ልጅቷ፣ ትልቋን ማለቴ ነው፣ እኔን «ቤት አያቴ»፣ እሷን «ግሬፕቫይን አያቴ» ትለን ነበር። በእኔና በእሷ መካከል ያለው የአማችነት ወግ ነው፤ አንቱ እንባባላለን፣ ተነሥተን እንሳሳማለን፣ ክፉ ቃል አንለዋወጥም። በሆዴ ግን አንቺ ነበር የምላት፤ እዚህም እንደ ሆዴ እጽፋለሁ።

በየቅዳሜው ትመጣለች። ደረጃውን ስትወጣ የፌስታሉ ድምፅ ይሰማል፣ ልጅቷም ጉርሻዋን እጄ ላይ ትታ ትሮጣለች። ከፌስታሉ የሚወጣው ሣጥን በሣጥን ነው። በወተት የሚበላ ቀለም በቀለም የሆነ ሲሪያል፣ ኩኪ፣ ጁስ፣ በደቂቃ የሚደርስ ማካሮኒ።

«ይሄ ሁሉ ስንት የፈጀ ይመስልዎታል?» ትለኛለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ።»

«ከአንድ ዶሮ አይበልጥም! ኩፖን ነዋ!»

ቦርሳዋ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ ማህደር አላት። እሑድ እሑድ ጋዜጣው ውስጥ የሚመጡትን የቅናሽ ወረቀቶች ትቆርጥና የቁርሱን ከቁርስ፣ የሳሙናውን ከሳሙና፣ ቀኑ የደረሰውን ከፊት እያደረገች ትደረድራለች። ማህደሩን ስትከፍተው እንኳ ጣቷን በምላሷ አርሳ ነው፤ ያ ነገሯ ያናድደኝ ነበር። ልጅቷ አፏን ሞልታ፣ «ግሬፕቫይን አያቴ ዘ ቤስት ነው!» ትላለች። እኔ የሠራሁት ምስርና ካሮት ሳህኑ ላይ ይደርቃል። ላጎርሳት ስል፣ «ያኪ ነው፣ እኔ አይወድም» ትለኛለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ፈገግ እላለሁ፤ ጉንጬን እስኪያመኝ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አማቼ ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነገሩን አመጣው።

«እማማ፣ ግሬፕቫይን ያለው ትምህርት ቤት ጥሩ ነው ይሉኛል። ለሚመጣው ዓመት እዚያ ብትገባስ ብለን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እናቴ ጋ ትሆናለች፣ ለዊክኤንድ ወደ እኛ። እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ።»

ያርፋሉ! ማን ደከመኝ አለው? «እናንተ እንዳላችሁ» አልኩና ወደ ማድቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ የታጠበ ሳህን ደግሜ አጠብኩ። ልጅቷን ሊወስዱብኝ ነው። ትምህርት ቤት ይበሉት እንጂ የምትወስድብኝ ያቺ ማህደር ናት ብዬ ደመደምኩ። ልጅቷ በሣጥን ከተማረከች እኔም ሣጥን አመጣለሁ አልኩ። ግን የሚጠቅማትን ነገር ነው የማመጣው። ኩፖን መቁረጥ ሰው የፈጠረው ነገር አይደል?

ጎረቤቶቻችን ያነበቡትን ጋዜጣ ሰኞ ጠዋት ላውንድሪው፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ ይተዉታል። ላውንድሪው በብርዱ ወራትም ሞቃት ስለነበር ልብስ ሳይኖረኝም እዚያ መቀመጥ እወድ ነበር፤ ማሽኖቹ ሲሽከረከሩ ማየት እንቅልፍ ያመጣል። እንግዲህ መቀስ ይዤ ወረድኩ። እንግሊዝኛ ስለማላነብ የምቆርጠው ሥዕሉን አይቼ ነው። ከረሜላውን አልፋለሁ፣ ኩኪውን አልፋለሁ፣ ሥጋና አትክልት ሳይ እቆርጣለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰብስቤ ለልጄ አሳየኋት። የመጀመሪያውን አነሣች፣ የሚያምር ሥጋ በካሮትና በአተር ተከቦ።

«እማዬ፣ ይሄ የውሻ ምግብ ነው።»

«የውሻ? ካሮት ያለበት?»

«እዚህ አገር ውሻም ካሮት ይበላል» ብላ መሬት ላይ ተንፈራፍራ ሳቀች። የቀረውን ከእጇ ነጠቅሁና ደበቅሁት። ማንም እንዲያይልኝ አልፈለግሁም፤ ስሕተቴ የሚመጣውም ከዚህ ኩራት ነው።

ከደበቅኋቸው ውስጥ አንዱ ልቤን ወስዶት ነበር። አረንጓዴ ብሮኮሊ ሳህን ሙሉ ተቀምጦ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ነገር ይፈስበታል። ከብሮኮሊ የበለጠ ጤነኛ ምን አለ? ያውም ለጾም! ዓርብ ጠዋት ልጅቷን ትምህርት ቤት አድርሼ መንገዱን ተሻግሬ ሱቁ ገባሁ። ውስጡ ስለሚበርድ በዚያ በቴክሳስ ፀሐይ ሹራብ ይዤ ነበር የምሄደው። ለአንዷ ሠራተኛ ወረቀቱን ሰጠኋት። ደግ ሴት ናት፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝና ሦስት ጠርሙስ ቢጫ ነገር ቅርጫቴ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ወረቀቱን እያሳየች በጣቷ ሦስት አለችኝ። ወደ ሥዕሉ ብሮኮሊ ጠቆምኩ፤ እሷ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመች። ቢጫው ዱባ ነው አልኩ በልቤ፣ የተፈጨ ዱባ፤ ፈረንጅ ብሮኮሊውን በዱባ ነው የሚበላው። ብሮኮሊውን ራሴ ፈልጌ ያዝኩ። ሂሳብ የምትቀበለዋ ወረቀቱን ስታስገባ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ልቤ ዘለለ። እኔም ኩፖን ቆራጭ ሆንኩ!

ሽንኩርቱን አቁላላሁ፣ ድንችና ካሮት ጨመርኩ፣ ብሮኮሊውን ከትፌ ሦስቱንም ጠርሙስ ገለበጥኩበት። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው፤ እኔ እስከ ዘጠኝ ስለምጾም አልቀመስኩም። በጾም ወጥ የማውቀው በሽታው ነው። ሽታው እንግዳ ሆነብኝ፤ የአሜሪካ ዱባ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ያን ዕለት የአማቼ እናት ልጅቷን ለዊክኤንዱ ልትወስዳት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ካልበሉ አይሄዱም ብዬ ያዝኳት፤ ልጄም ከሥራ ገብታ አብራ ቀረበች። ዓላማዬ ልጅቷ ስትበላ እንድታይ ነበር።

ልጅቷም በላች። ምን መብላት ብቻ! «ቤት አያቴ፣ ሞር! ይሄ ጥሩ ነው!» እያለች ሦስት ጊዜ አስጨመረችኝ። ብሮኮሊ በላች፣ ካሮት በላች። እኔ ሰማይ ነክቼ ነበር፤ እሷን ሳጎርስ ራሴ ገና አልቀመስኩም። እንግዳዬ ግን ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇ ዘገየ። ተነሣችና ወደ ማድቤት ሄደች፤ ከቆሻሻው ላይ አንዱን ጠርሙስ አንሥታ መነጽሯን አድርጋ አነበበች።

«እትዬ፣ ይሄን ምን ብለው ነው የገዙት?»

«ዱባ ነው።»

«አይብ ነው።»

ልጄ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቀረች።

«ምን አይብ? አይብ ነጭ አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«የፈረንጅ አይብ ነው፣ የቀለጠ። አይ እርስዎ! ከሁዳዴው ቀን ሁሉ ዓርብን መርጠው አስገደፉን!» ብላ ሳቀች። ልጄም ሳቀች። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ልጅቷ «ሞር አይብ!» ስትል ደግሞ ጨርሶ ሞትኩ። ለካ የወደደችው የእኔን እጅ አይደለም፣ የፋብሪካውን አይብ ነው። በገዛ ማድቤቴ፣ በገዛ ድስቴ፣ ሣጥኗ አሸነፈኝ።

ንስሐ አባታችን ባለማወቅ ነው ብለው በስግደት ለቀቁኝ። እሷ ግን አልለቀቀችኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ደውላ፣ «ረቡዕ ሱቁ ኩፖኑን እጥፍ አድርጎ የሚቀንስበት ቀን ነው፤ መጥቼ ልውሰድዎና ላሳይዎት» አለችኝ። እምቢ ማለት በአማችነት ወግ ነውር ነው። ሄድኩ።

ሁለታችንም ጋሪ ያዝን።

«ምን ያስፈልግዎታል?» አለችኝ።

«ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ምስር፣ ቀይ ሥር።»

ማህደሯን ከፈተች፣ ጣቷን አርሳ ገለጠች፣ ዘጋች። «ለጥቅል ጎመን ኩፖን የለም።»

«ለካሮትስ?»

«የለም።»

«ለምስር?»

«እርስዎ ደግሞ! ኩፖን የሚያወጣው ፋብሪካው እኮ ነው። ጎመንን ማን ያስተዋውቀዋል? ገበሬው?»

«ታዲያ የሚበላ ነገር ኩፖን የለውማ!»

«ይሄ ሁሉ አይበላም?» ብላ ጋሪዋን አሳየችኝ። ሲሪያሉ እንደ ጡብ ተደርድሯል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሷ ስትገዛ ቤቷ የጎደለውን አታስብም፤ ወረቀቱ ያለውን ነው የምትገዛው። ጋሪዋን የሚነዳው ወረቀቱ ነው። እንዲህ ብዬ በልቤ ስነቅፋት ግን፣ ተመልሳ ማህደሯን ፈለገችና ለእኔ የሚሆን ማውጣት ጀመረች። ስኳር የሌለበት አጃ አገኘች። የቀዘቀዘ ስፒናች አገኘች፣ የታሸገ ቲማቲምም። ከዚያ የልብስ ሳሙና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሶፍት። «ይሄን ይውሰዱ፣ ይሄን ይውሰዱ» እያለች ጋሪዬ ውስጥ ትከታለች። ደግነቷ ይበልጥ አቃጠለኝ። ሰው ሲቀና ክፉ ሰው ቢገጥመው ይሻለዋል።

ገንዘብ መክፈያው ጋ ደግሞ ምን ልበላችሁ። ሴትዮዋ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስታስገባ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል። ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ አጨበጨበ። የአማቼ እናት እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ጎመኔን አቅፌ ከጎኗ ቆሜያለሁ። ማንም ለጎመን አያጨበጭብም።

በመኪና ስትመልሰኝ፣ «ያን ሁሉ ሣጥን ማን ይጨርሰዋል?» አልኳት።

«ልጆቹ ናቸዋ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ ስኳር አለብኝ፣ አልነካውም።»

አልነካውም ያለችውን እንደ ሰነድ ሆዴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ሰኔ መጣ። ልጅቷ እንድትለምድ ተብሎ ሁለት ሳምንት ግሬፕቫይን ሄደች። ቤቱ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ትንሿን ማንኪያዋን በየቀኑ አጥቤ እመልሳለሁ፣ ሳትቆሽሽ። ስልክ ስደውል፣ «አያቴ፣ እዚህ ማርሽማሎው ከረሜላ ያለው ሲሪያል አለ! ጠዋትም፣ ማታም!» ትለኛለች።

«ሆድሽን አያምሽም?»

«ኖ።»

«ትንሽም?»

«ኖ፣ አያቴ።»

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ቢያማት ብዬ ተመኘሁ። በጣም ትንሽ። ወደ ቤት ልምጣ እስክትል ድረስ ብቻ።

ሆዷ ሳይሆን ጥርሷ አመማት። ተመልሳ በመጣች በሳምንቱ ጉንጯን ይዛ አለቀሰች፤ ሐኪሙ ሁለት ጥርሷ ተቦርቡሯል አለ። ልጅ ታማ የምትደሰት አያት አይታችኋል? እኔ ነበርኩ። ስታለቅስ አብሬ አለቀስኩ፣ ውስጤ ግን እልል ይላል። ማታ ልጄንና ባሏን አስቀምጬ እንደ ጠበቃ ተናገርኩ። ጥርሷን ቆጠርኩላቸው፤ ሲሪያሉን ጠራሁ፣ ጁሱን ጠራሁ። «ሣጥኑን የምታመጣው ሴትዮ ራሷ እንኳ አትነካውም!» አልኩ። አንቱታውን ረስቼው ነበር። አማቼ አንገቱን ደፋ። «እሺ እማማ፣ እናስብበታለን» አለ።

በዚያው ክረምት አጃውን በሙዝና በቀረፋ መሥራት ጀመርኩ። ስፒናቹን ከድንች ጋር ጠፍጥፌ እጠብሰዋለሁ፣ ልጅቷ በእጇ ይዛ ትበላዋለች። ከሳሙናውና ከሶፍቱ የተረፈው ገንዘብ ፍራፍሬ ይገዛል። የአማቼ እናት የሳሙናውን ኩፖን በፖስታ እያደረገች ትልክልኝ ነበር፤ ሲሪያል ማምጣቱን ግን አልተወችም፣ አንድ ሣጥን ብቻ አደረገችው። እኔም አንድ ሣጥን ቻልኩ።

ነሐሴ አካባቢ ልጄ እንደ ዋዛ፣ «እማዬ፣ እዚሁ አዲሰን ትቀጥላለች፣ የግሬፕቫይኑን ትተነዋል» አለችኝ። ለምን አላልኩም። ምክንያቱን የማውቅ መሰለኝ። ልጅቷን አቅፌ ጸጉሯን ስሜ ስሜ አልጠገብኩም፤ «አያቴ፣ ስቶፕ!» እስክትለኝ።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይጠቅማል ወይ ነበር። ለሳሙና ይጠቅማል፣ ለሶፍት ይጠቅማል። ምግብ ከሆነ አስቀድመሽ የምትበዪውን ወስኚ፤ ለዚያ ኩፖን ከተገኘ እሰየው፣ ካልተገኘ ተይው። ወረቀቱ ጋሪሽን እንዲነዳው አታድርጊ። አረንጓዴ ሥዕል ካየሽ ደግሞ ጽሑፉን አንብቢ፤ አንቺ እንደ እኔ አይደለሽም፣ ተምረሻል።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ይሄን ታሪክ በኩራት ስናገር ኖርኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ ሲሰበሰቡ፣ «የልጄን ልጅ በጎመንና በአጃ ነው ያስቀረኋት» እላለሁ። የአማቼ እናትም እዚያው ተቀምጣ፣ «እውነትዎን ነው፣ አሸንፈውኛል» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። እኔ ስታምን ሳያት ቅናቴ ቀስ በቀስ በረደ፤ ኋላማ ስኳሩ ሲጠናባት ጎመን እየሠራሁ የምወስድላት እኔ ሆንኩ።

እሷ ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ልጄ ወረቀት ስታገላብጥ አንድ የምዝገባ ቅጽ አገኘችና እየሳቀች ነገረችኝ። ለካ በዚያ ሐምሌ አማቼ ልጅቷን ሊያስመዘግብ ግሬፕቫይን ሄዶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወላጆቿ እዚያው ለመኖራቸው የቤት ኪራይ ውል ወይም የመብራት ደረሰኝ ጠየቀው፤ የእኛ ሁሉ የአዲሰን ስለሆነ አልቀበልም አለ። ስለ ጎመኔ ያኔ የተናገረ ሰው የለም። ጥርሷንም ያነሣ የለም። የአማቼ እናት ያን ቀን እዚያው ቢሮ ውስጥ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉን ትሰማ ነበር።